ጃንጥላው ቀድሞ ቢከፈትስ?

ከአውሮፕላን ስለሚዘሉ ሰዎች ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ጃንጥላው ባይከፈትስ?» የባቲ ጓደኞቼም ዱባይ ላይ ከባሕሩ በላይ የሚንሳፈፉትን ሰዎች በስልክ እያዩ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላኛው ግማሽ፣ የጃንጥላ ጠጋኞች እኩል የሚፈሩት፣ «ሳይታሰብ ቀድሞ ቢከፈትስ?» የሚለው ነው።

እስቲ አስቡት። አውሮፕላኑ አራት ሺህ ሜትር ላይ ደርሷል፤ በሩ ተከፍቷል፤ ዘላዩ ደፉ ላይ ቆሞ ጓደኞቹን ይጠብቃል። ጀርባው ላይ ያለው ቦርሳ በዚያች ቅጽበት ቢከፈት ነፋሱ ጨርቁን ነጥቆ ያወጣዋል፤ ጨርቁም ከአውሮፕላኑ ጭራ ጋር ሊጠላለፍ ይችላል። ያን ጊዜ አደጋው የአንድ ሰው መሆኑ ይቀርና አብራሪውም፣ ከኋላ ተራቸውን የሚጠብቁትም አብረው ይገቡበታል። ይህን ሁሉ ይዞ የሚያቆመው ምን መሰላችሁ? ከጣት ብዙም የማይረዝም ክርና ጎበጥ ያለች አንዲት የብረት ፒን።

ሰኞ ባቲ ገበያ የዋለ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከአፋር በኩል ግመል ጭኖ የሚመጣ ነጋዴ ጭነቱን ሲያስር ሁለት የሚጣረሱ ነገሮችን ነው የሚፈልገው። ዳገቱን እስኪጨርስ ገመዱ ቅንጣት ታህል እንዳይላላ፣ ገበያው ሲደርስ ደግሞ ጫፉን ሳብ ሲያደርገው ወዲያው እንዲፈታ። ከጃንጥላ ጥቃቅን ዕቃዎች አብዛኞቹ የዚያ ቋጠሮ ዘመዶች ናቸው። እስኪፈለግ ድረስ አጥብቆ መያዝ፣ ሲፈለግ ያለ ክርክር መልቀቅ። የጥገናው ምስጢርም ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ «ጠግንልኝ» ማለት «አጠንክርልኝ» ማለት ነው፤ የተበጠሰው ማንገቻ ሁለት እጥፍ ክር ይገባበታል፣ የላላው ብሎን እስኪጮኽ ይጠብቃል። ጃንጥላ ላይ እንዲህ ያለ ደግነት ሰው ይገድላል።

ማስረጃ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም፤ አየር ወለዶቻችን አሉ። ደብረ ዘይት የነበረው የአየር ወለድ ብርጌድ ስሙ በ1966ቱ አብዮት ተደጋግሞ የተነሣ ነውና ትልልቆቹ ያስታውሱታል። አየር ወለድ በጅምላ ሲዘል በብዙ አገር የተለመደው አሠራር ወታደሩ ራሱ እጀታ እንዲስብ አያደርግም። ከጀርባው ያለው ቦርሳ አውሮፕላኑ ውስጥ ከተወጠረ የብረት ገመድ ጋር በረጅም ጥብጣብ ይያያዛል። ወታደሩ ሲዘል ጥብጣቡ ይወጠርና ቦርሳውን ከፍቶ ጨርቁን ጎትቶ ያወጣዋል። ጥብጣቡን ከጃንጥላው አናት ጋር የሚያገናኘው ደግሞ አንድ ተራ ክር ነው። ጨርቁ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ያ ክር ይበጠሳል፤ ወታደሩም ከአውሮፕላኑ ይለያል። ክሩ የተሠራው ሊበጠስ ነው። አንድ ቅን አሳቢ «ይሄማ ደካማ ነው» ብሎ በጠንካራ ገመድ ቢተካው፣ ወታደሩ ከአውሮፕላኑ ኋላ ተንጠልጥሎ ይጎተታል።

ወደ ታሪኩ ገባ ካልን አይቀር አንድ ደፋር ሰው ላስተዋውቃችሁ። ሁበርት ጁልያን ይባላል፤ በትሪኒዳድ ተወልዶ ኒው ዮርክ ሃርለም የኖረ ጥቁር አብራሪና ጃንጥላ ዘላይ ነው፤ ጋዜጦች «ጥቁሩ ንስር» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዝግጅት ሲደረግ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት በጃንጥላ ወረደ። ትርኢቱ ስለተወደደለት የኢትዮጵያ ዜግነትና የኮሎኔልነት ማዕረግ አገኘ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ከበዓሉ በፊት በተደረገ ልምምድ የንጉሠ ነገሥቱን አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ተነሥቶ ከሰከሳት፤ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። ሰውየውን የጣለው አውሮፕላኑ እንጂ ጃንጥላው አልነበረም።

ጁልያን በዘለለበት ዘመን ጃንጥላ የሚሠራው በአብዛኛው ከሐር ነበር። ናይለን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1942 አደሊን ግሬይ የተባለች አሜሪካዊት በናይለን ጃንጥላ ዘልላ ጨርቁ እንደሚያስተማምን አሳየች። የሐር ዘመን ርዝራዥ ግን ዛሬም ሕግ ውስጥ አለ። የአሜሪካ አቪዬሽን ደንብ ከናይለንና ከመሰሎቹ የተሠራ መጠባበቂያ ጃንጥላ በየ180 ቀኑ ተፈትቶ እንዲፈተሽና እንደገና እንዲታጠፍ ሲያዝ፣ ከሐር ወይም ከሌላ የተፈጥሮ ጭረት የተሠራ ከሆነ ግን 60 ቀን ብቻ ይሰጠዋል።

የእኛ አካባቢ ሰው «ከሰማይ የሚወርድ» ሲባል የሚያስታውሰው ግን ዝላይ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ባቲ ትልቅ የተፈናቃይ መጠለያ ነበረባት። ከተማዋ ከአሰብ በሚሌ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ በሚወጣው አውራ ጎዳና ላይ በመሆኗ እህሉ በመኪና ይደርስላት ነበር። መንገድ ለሌላቸው ደጋማ ቦታዎች ግን የእንግሊዝ ሄርኩለስና የጀርመን ትራንሳል አውሮፕላኖች ስንዴውን ከአየር ይጥሉ ነበር። ያውም ያለ ጃንጥላ! አውሮፕላኑ ከመሬት በላይ 15 ሜትር ገደማ ድረስ ዝቅ ይልና በድርብርብ ጆንያ የታሸገውን እህል ከኋላው ይለቀዋል። ከዚያ ከፍታ ለሚወድቅ ነገር ጃንጥላ ለመከፈት እንኳ ጊዜ አያገኝም። ጆንያው ቢፈነዳ ስንዴው ይለቀማል። ሰው ግን አይለቀምምና ወደ ክራችን እንመለስ።

የዘላዩ ቦርሳ በዚፕ ወይም በቁልፍ አይዘጋም። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከላይና ከታች የሚመጡ አራት ክንፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክንፍ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት ተመትቶበታል። ከታች የተነሣ መዝጊያ ክር በአራቱም ቀለበቶች ውስጥ ያልፍና አናቱ ብቅ ሲል ፒኗ ትገባበታለች። በቃ። ዘላዩ ትንሿን መሪ ጃንጥላ አውጥቶ ለነፋስ ሲሰጣት እሷ ፒኗን ትስባለች፤ ክሩ ይሾልካል፤ አራቱ ክንፎች ይበተናሉ፤ ዋናው ጃንጥላ ይወጣል።

እንግዲህ ክሩ ቢረዝምስ? ፒኗ ላልታ ትቀመጣለች፤ በሩ ላይ ሲታከኳት ወይም ሲቀመጡባት ትወጣለች፤ መግቢያችን ላይ ያየነው አደጋ ይኸው ነው። ቢያጥርስ? ፒኗ ክፉኛ ትጨመቅና መሪዋ ጃንጥላ ብትስባት አልወጣ ትላለች፤ ዘላዩ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እየወደቀ ከጀርባው መሪዋን ጃንጥላ ብቻ እያስከተለ ይሄዳል። ልዩነቱ የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው። ለዚህ ነው ጃንጥላውን በሌላ የለወጠ ሰው የመዝጊያውን ክር ርዝመትም አብሮ የሚያስተካክለው፤ አዲሱ ጨርቅ ታጥፎ ቀጠን ካለ የትናንቱ ክር ዛሬ ረጅም ነው።

ክሩ ሲያልቅ አይደበቅም። ፒኗ የምታልፍበት ቦታ ላይ መጀመሪያ ጸጉር ያወጣል፣ ከዚያ ይሳሳል። አዋቂዎች ጸጉር ማውጣቱ ገፋ እንዳለ ቆርጠው ይጥሉትና አዲስ ያስገባሉ። ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም፤ ሥራውም ደቂቃዎች ነው፤ ክሩን በልክ መቁረጥ፣ ከታች በትንሽ የብረት ዲስክ ውስጥ ማሳለፍ፣ መቋጠር። አንድ ነገር ግን አለ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። አዲስ ያስገባችሁት ክር ቶሎ ቶሎ ጸጉር ካወጣ ጥፋቱ የክሩ አይደለም። ከአራቱ የብረት ቀለበቶች አንዱ ጠርዙ ተሰንጥቋል ወይም ሹል አውጥቷል ማለት ነው። ክር መለዋወጥ ብቻ የሚያውቅ ሰው ወንጀለኛውን ትቶ ተበዳዩን እየቀጣ ይኖራል። ጥሩ ጠጋኝ ቀለበቶቹ ላይ ጥጥ ያሻል፤ ሹል ካለ ጥጡ ይያዛል፤ ጣት የማያገኘውን ጥጥ ያገኘዋል።

አሁን ከዋናው በላይ ወዳለው ወደ መጠባበቂያው እንለፍ። እያንዳንዱ ዘላይ ሁለት ጃንጥላ ነው የሚሸከመው። ዋናውን ራሱ ያጥፈዋል፤ መጠባበቂያውን ግን እንዲነካ አይፈቀድለትም። እሱን የሚፈታውና የሚያጥፈው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው፤ በሙያው ስም ሪገር ይባላል። ሪገሩ ሲጨርስ የመጠባበቂያው ፒን ላይ ቀጭን ቀይ ክር ያስርና በእርሳስ ማኅተም ያትመዋል፤ ማኅተሙ ላይ የራሱ ምልክት ይቀረጽበታል። ይህም ቀይ ክር እንደ አየር ወለዱ ክር ደካማ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሥራው መያዝ ሳይሆን የነካ ሰው እንዳለ መመስከር ነው። በአደጋ ጊዜ እጀታው ሲሳብ ሳይታወቅ ይበጠሳል። እጀታውን ለመሳብ የሚያስፈልገው ኃይል ራሱ ተወስኗል፤ በአሜሪካ መመዘኛ ከ10 ኪሎ መብለጥ የለበትም፤ የደከመና የደነገጠ ሰው በአንድ እጁ መሳብ መቻል አለበትና። በጣም መቅለልም አይፈቀድለትም፤ ዝቅተኛ ልክ አለው። የግመሉ ጭነት ላይ ያየነው ክርክር እዚህ በኪሎ ተተምኗል ማለት ነው።

መጠባበቂያውንም የሚዘጋው ክር ነው፤ ግን ይህኛው አንድ ተጨማሪ ጎረቤት አለው። ሄልሙት ክሎት የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ሳይፕረስ የተሰኘ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው የአየር ግፊት እያነበበ ከፍታንና ፍጥነትን ያሰላል። ልምድ ላላቸው ዘላዮች የተዘጋጀው ዓይነት፣ ሰውየው ወደ 225 ሜትር ወርዶ ገና በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ እየወደቀ ከሆነ፣ ራሱን እንደሳተ ወይም እንደዘነጋ ይቆጥረዋል። ከዚያ ምን ያደርጋል? ፒኗን አይስብም። የመዝጊያ ክሩ በሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ምላጭ አስወንጭፎ ክሩን ይቆርጠዋል። ስንት ሰው ከሞት ያተረፈ መሣሪያ መጨረሻው አንዲት ቁራጭ ክር መበጠስ ነው! ስለዚህ ሪገሩ የመጠባበቂያውን ክር ሲሠራ በውፍረቱም ሆነ በዓይነቱ የራሱን ፈጠራ አይጨምርበትም፤ አምራቹ ያዘዘውን ነው የሚያስገባው፤ ምላጩ የተመተረው ለዚያ ክር ነውና።

አንድ የሪገሮች ልማድ በጣም ያስደስተኛል። ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይቆጥራሉ፤ ሲጨርሱም ይቆጥራሉ። ምክንያት አላቸው። መጠባበቂያውን ሲያጥፉ ክንፎቹን ለጊዜው የሚይዙባት ጊዜያዊ ፒን አለቻቸው። ያቺ ፒን ተረስታ ከቀረች የትኛውም እጀታ ቢሳብ፣ የትኛውም ምላጭ ቢቆርጥ ቦርሳው ላይከፈት ይችላል። ስለዚህ ጭራዋ ላይ ረጅም ቀይ ጨርቅ ያስሩባታል፤ ከዚያም በላይ ይቆጥሯታል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ጃንጥላ የሚያጥፍ ወታደር ራሱም ዘላይ መሆን ግዴታው ነው፤ ካጠፋቸው መካከል አንዱን አንሥተው «ዝለልበት» ቢሉት ዝግጁ መሆን አለበት። ከዚህ የተሻለ የጥራት ቁጥጥር እስካሁን አልሰማሁም።

ላስቲኩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ማንም የሚንቀው እሱን ነው። ከጃንጥላው ጨርቅ እስከ ዘላዩ ትከሻ የሚደርሱት ቀጫጭን ገመዶች ሲታጠፉ በጥቅል በጥቅል እየሆኑ በተራ ላስቲክ ይያዛሉ። ላስቲኩ ያረጀ ወይም የላላ ከሆነ ገመዶቹ ተራቸውን ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ይዘረገፋሉ፤ ጨርቁም ያለ ሥርዓት በድንገት ይከፈትና አካል እስኪጎዳ ድረስ ይመታል። በጣም የጠነከረ ከሆነ ደግሞ ጥቅሉን አልለቅም ይላል፤ ጨርቁ ከከረጢቱ ሳይወጣ ይቀራል። ስለዚህ ላስቲኩ ልክ ባለው ኃይል ሲሳብ መልቀቅ፣ የግድ ከሆነም መበጠስ አለበት። ዘላዮች መለዋወጫ ላስቲክ በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ ላስቲክ በሙቀትና በደረቅ አየር ቶሎ ይሰነጣጠቃል፤ የባቲ ቆላ ላይ የዝላይ ቦታ ቢኖር የላስቲክ ነጋዴ ሀብታም ይሆን ነበር።

ዋናው ጃንጥላ ተበላሽቶ ከተከፈተ ዘላዩ መጠባበቂያውን ከመሳቡ በፊት የተበላሸውን ከትከሻው መጣል አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ ይጠላለፋሉ። ይህን የሚያደርግለትን ዘዴ ቢል ቡዝ የተባለ አሜሪካዊ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈጠረው። ትከሻ ላይ ሦስት የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ። አንዱ በሌላው ውስጥ አልፎ ይታጠፋል፤ እያንዳንዱም የሚቀጥለውን ኃይል በብዙ እጥፍ ይቀንስለታል። የሰውየውን ሙሉ ክብደት የተሸከመው መሣሪያ መጨረሻው ላይ በአንዲት ነጭ ክር ተይዞ ይቆማል፤ በነጯ ክር ውስጥ ደግሞ በፕላስቲክ የተለበሰ ቢጫ ገመድ ያልፋል። ቢጫው ሲሳብ ነጯ ትለቃለች፣ ሦስቱም ቀለበቶች በተራ ይገለበጣሉ፤ ዓይን ሳይጨፈን ጃንጥላው ሄደ።

ጥገናው ምን ይመስላል? ብዙ ጊዜ ምንም አይጠገንም፤ ይፈታል፣ ይታሻል፣ መልሶ ይገጠማል። ቀለበቶቹ የተሰፉበት ጥብጣብ ለወራት በአንድ ቅርጽ ታጥፎ ከቆየ ይደርቅና ያንኑ ቅርጽ ይይዛል፤ ያኔ ነጯ ክር ብትለቅም ቀለበቱ ወዲያው ላይገለበጥ ይችላል። ስለዚህ በየወሩ ገደማ ይፈቱትና ጥብጣቡን በእጃቸው ወዲያ ወዲህ አጣጥፈው ያለሰልሱታል። ቢጫውን ገመድ ደግሞ አውጥተው ያጸዱትና አምራቹ ባዘዘው ቅባት በስሱ ያብሱታል። ላብና አቧራ ሲደርቅበት ለመሳብ ይከብዳል። ይህ ሁሉ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ይህንኑ ለመሥራት የሚሰንፉ ዘላዮች መኖራቸው ነው።

ገመዶቹ ከትከሻው ጥብጣብ ጋር የሚገናኙት በትናንሽ የብረት ማያያዣዎች ነው፤ በብሎን ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። እዚህ ላይ የመካኒክ እጅ ያለው ሰው ይፈተናል። ትእዛዙ በጣት እስኪቆም ማጥበቅ፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ መጨመር ነው። «ለማንኛውም» ብሎ አንድ ዙር ያከለ ሰው ብሎኑን ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ዛሬ አይታይም፣ ጃንጥላው በኃይል በተከፈተ ቀን ይታያል። ከተጠበቀ በኋላ ብሎኑና አካሉ የሚገናኙበት ላይ የሴቶች የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጉበታል። በሚቀጥለው ፍተሻ የቀለሙ መስመር ከተቆረጠ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። ዘዴው ርካሽ ነው፤ መነጽር ለሌለው ሰውም ይታያል።

ገመዶቹ ራሳቸው ደግሞ አንድ ያልጠበቃችሁት ጠባይ አላቸው፤ ያጥራሉ። ጃንጥላው ሲከፈት በገመዶቹ ላይ አራት ማዕዘን ጨርቅ በብረት ቀለበቶቹ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ አከፋፈቱን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። መንሸራተቱ ሙቀት ይፈጥራል። ስፔክትራ የሚባለው ቀጭንና ጠንካራ ገመድ ደግሞ ሙቀት አይችልም፤ በ150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያም በፊት ይሸበሸባል። ለቀለበቶቹ የሚቀርቡት የዳር ገመዶች ከመካከለኞቹ የበለጠ ያጥራሉ። ከብዙ መቶ ዝላይ በኋላ ጃንጥላው ቅርጹን ስቶ አከፋፈቱ ይበላሻል፤ ወደ አንድ ጎንም መጎተት ይጀምራል። ገመዱ አልተበጠሰም፣ አልሳሳም፣ ሲያዩት ጤነኛ ነው፤ በሜትር ሲለኩት ግን አጥሯል። መፍትሔው ገመዶቹን በሙሉ መለወጥ ነው፤ አጥሮ የተገኘውን አንዱን ብቻ መለወጥ ሌላ መዛነፍ ይፈጥራል።

አንዳንዴ ጠላቱ ከፋብሪካው አብሮ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አንዳንድ ክብ መጠባበቂያ ጃንጥላዎች ላይ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ለአየር ማሳለፊያ የተሰፋው መረብ አሲድ ነበረበትና የሚነካውን ናይለን ቀስ በቀስ ሲበላ ተገኘ። ጨርቁ ሲያዩት አዲስ ነው፤ ሲስቡት ግን ይቀደዳል። ሪገሮቹ ብሮሞክሬሶል ግሪን የተባለ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቀለም ማንጠባጠብ ጀመሩ፤ ቢጫ ከሆነ አሲድ አለ፣ ወደ ሰማያዊ ከሄደ ሰላም ነው። ከዚያም ጨርቁን በመቆንጠጫ ይዘው በተወሰነ ኃይል ይስቡታል። የጥገና ሙያ የሚባለው መርፌና ክር ብቻ አለመሆኑን ለጓደኞቼ ሳስረዳ ይህን ታሪክ ነው የምነግራቸው።

ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቁልቁል የአፋር በረሃ ይጀምራል። ለናይለን ከዚህ የከፋ ሰፈር ብትፈልጉ አታገኙም። የፀሐዩ ጨረር ናይለንን ያደክመዋል፤ ቀለሙ የደበዘዘ ጥብጣብ ጉልበቱም ቀንሷል። አሸዋ በገመዱ ጭረቶች መካከል ገብቶ ገመዱ በታጠፈ ቁጥር ከውስጥ ይቆርጠዋል። ጨውም እንዲሁ ነው፤ ባሕር ላይ ያረፈ ጃንጥላ በንጹህ ውኃ ካልታጠበ ውኃው ደርቆ የሚቀረው ቅንጣት ይቦረቡረዋል፤ ብረቱንም ያዝገዋል። አየሩም ራሱ ጣጣ አለው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ስለሚሳሳ፣ በባሕር ጠለል ላይ ያረፈበትን ያንኑ ጃንጥላ ይዞ ባቲ ላይ የሚወርድ ሰው 7 ወይም 8 በመቶ ፈጠን ብሎ ነው መሬት የሚደርሰው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ 12 በመቶ ገደማ።

ጓደኞቼ «ታዲያ የእኛ ጫማ ሰፊ ይህን አይሠራውም?» ብለውኛል። ገበያው ዳር ወስፌና ሰም የተቀባ ክር ይዞ የተቀመጠው ሰው እጁ ይሠራዋል፤ አልጠራጠርም። የማይሠራው ልማዱ ነው። እሱ ለጥንካሬ ስፌቱን ያደጋግመዋል፤ የጃንጥላ ስፌት ግን በአንድ ኢንች ውስጥ ከ7 እስከ 11 የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነው የሚፈቀድለት። ከዚያ ከበዛ ጥብጣቡ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳና በስፌቱ ላይ ይቀደዳል። ክሩም ናይለን መሆን አለበት፤ ጨርቁ ሲለጠጥ አብሮት እንዲለጠጥ። ከዚህ ሌላ የሥልጣን ጉዳይ አለ። በአሜሪካ ሥርዓት ሪገሮች ሁለት እርከን አላቸው። የመጀመሪያው ማጠፍና ቀላል ጥገና ይፈቀድለታል፤ ሸክም የሚሸከም ስፌት ፈትቶ መልሶ መስፋት የላይኛው እርከን ሥራ ነው። እኔ ይህን ክፍፍል እወደዋለሁ። የት ላይ ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ ጠጋኝ፣ ሁሉን እችላለሁ ከሚለው ይልቅ ጀርባዬን ቢይዝልኝ ይሻለኛል።

እንግዲህ ከወሎ ልጆች ስንቱ ዱባይ ነው፤ ኬንያም ዲያኒ የባሕር ዳርቻ ላይ ይዘለላል። ከእናንተ አንዱ ገንዘቡን ከፍሎ ከአስተማሪ ጋር ታስሮ ሊዘል ቢነሣ ሁለቱም ጃንጥላዎች ያሉት አስተማሪው ጀርባ ላይ ነው፤ የእናንተ ላይ ያለው ማሰሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት በትሕትና አንድ ነገር ጠይቁ፤ «የመጠባበቂያውን ካርድ ላየው?» ቦርሳው ላይ ባለች ትንሽ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ነው፤ መቼ እንደታጠፈና ማን እንደፈረመ ተጽፎበታል። የጊዜ ገደቡ ከአገር አገር ይለያያል፤ አንዳንዱ ስድስት ወር፣ አንዳንዱ አንድ ዓመት ይላል። የአገሩን ገደብ ጠይቁና ቀኑን ቁጠሩ፤ ካለፈ፣ ወይም ካርዱን ለማሳየት ካቅማሙ፣ ብራችሁን አስመልሳችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።